የቀኙ በር

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ? ልጆቹስ? እኔ ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ጎረቤታችን ቀለም ቀቢው «አንተ ንገረኝ፣ እኔ ልጻፍልህ» ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት። እሱ ሲጽፍ ያሳምራል፤ እኔ ደግሞ ዛሬ ነገር የሚያሳምርልኝ ሰው አልፈልግም። ፊደሌ ዶሮ የጫረችው ቢመስልም ታግሰሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው። በስልክ እንዳልነግርሽ አንቺ ታለቅሺያለሽ፣ እኔ እዘጋዋለሁ፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል።

ባለቤትሽ ሰኞ ጭነት መኪና እልካለሁ ብሏል። አሮጌዋ መኪናዬ እናንተ ላገኛችሁላት ገዢ፣ እኔ ለእናንተ ቤት። ክፍሉ ተቀብቷል፣ መጋረጃው ተሰቅሏል፣ ቴሌቪዥንም አለው አለኝ። ልጄ፣ እኔ መጋረጃ አልጠላም። ግን ማንም ሳይለካኝ የተሰፋልኝን ልብስ አልለብስም። መኪናዋም አትሸጥም፣ እኔም አልመጣም። መጀመሪያ ይሄ ይታወቅ። ለምን እንደሆነ ደግሞ እነግርሻለሁ፤ ምክንያቱም ያን ቀን ያየሽውን ነገር ምንድነው ብለሽ ሳትጠይቂኝ ይዘሽው ሄደሻል።

ያን ቀን ሳትነግሪኝ ከባለቤትሽ ጋር መጣሽ። የጋራዡን በር ገፋ አድርገሽ ስትገቢ እኔ መሪው ጋ ተቀምጫለሁ። ከጎኔ፣ በእናትሽ ወንበር ላይ፣ አሸዋ የሞላ ጆንያ በወንበሩ ቀበቶ ታስሮ ተቀምጧል። ጆንያው ላይ የእናትሽ ሻርፕ ጣል ተደርጎበታል። እኔም እያወራሁ ነበር። አንቺ አፍሽን በእጅሽ ያዝሽ። ባለቤትሽ «አባባ፣ እንዴት ዋሉ» አለኝ፣ በሽተኛ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ አውጥቶ። ከዚያ አጥሩ ጋ ሄዳችሁ ተንሾካሾካችሁ። ይሄ ጆሮ ስንት ዘመን መዶሻ ቢጮህበትም ለሹክሹክታ ገና አልደነቆረም። «ዓይኑ ቀልቷል፣ አየኸው?» አልሽው። «ብቻውን መተው የለበትም» አልሽው። ሁሉንም ሰምቻለሁ።

እናንተ እንደወጣችሁ ቀለም ቀቢው መጣ።

«ልጅህ ምን ሆነች? እያለቀሰች ስትሄድ አየኋት።»

«አሸዋ አይታ አታውቅም» አልኩት።

«ለአሸዋ ሰው ያለቅሳል?»

«ጠይቃት። እኔን አልጠየቀችኝም።»

አሁን ሳትጠይቂኝ ልመልስልሽ። ያረጀ መኪና ሲታደስ ቀለሙን ማንም ያሳምረዋል። እንደኔ ያለ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ፣ ባትላሜራ፣ የሚለየው በበሩ ክፍተት ነው። በሩ ከፊቱ ካለው የጎማ መሸፈኛ፣ ከፓራፋንጎው ጋርም፣ ከኋላው ካለው ቆርቆሮ ጋርም የሚተወው ቀጭን መስመር ከላይ እስከ ታች እኩል ካልወረደ፣ ሥራው ተሠራ አይባልም። አንቺ እዚህ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግሽው፣ ይሄን አልነግርሽም። የማታውቂው ዘንድሮ የደረሰብኝን ነው። የመኪናዋን ሥር ዝገት ጨርሶት ነበር። ቆርጬ አወጣሁና በአዲስ ላሜራ በየድኩት። ከዚያ በክሪክ አንስቼ፣ በግንድ አስደግፌ፣ ሁለቱንም በር ገጠምኩ። ማጠፊያውን አላላለሁ፣ በሩን በትከሻዬ ቀና አደርጋለሁ፣ አጠብቃለሁ፣ ወደ ኋላ ብዬ አያለሁ፤ እንደገና አላላለሁ። ሲያልቅ መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር። ቀለም ቀቢውን ጠርቼ አሳየሁት። ኮራሁበት።

መኪናዋን ወደ ጎማዋ አወረድኩና እሱን «በቀኝ በኩል ግባ፣ ተቀመጥ» አልኩት። በሩን ሲስበው ታች ተፋጨ፤ ላይ ደግሞ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፈተ። ሰውዬው እንዴት እንደሳቀብኝ!

«ይሄ በር» አለኝ፣ «ቆመው ሲያዩት ሙሽራ፣ ሲቀመጡበት አማት ነው።»

«አንተ ወፍረህ ነው።»

«እኔ ወፈርኩ፣ እሺ። ባለቤትህ እትዬስ ቄጤማ ነበሩ?»

እውነቱን ነዋ። ድሮ በሩን የምገጥመው እናትሽን አስቀምጬ ነበር። ባሌስትራው፣ ከሥር የሚሸከመው ብረት፣ የደከመ መኪና ሰው ሲቀመጥበት ይጎነበሳል፤ ሲጎነበስ ቦዲውም አብሮ ይጣመማል። ስለዚህ የእንዲህ ዓይነቱ መኪና በር የሚለካው ሰው ተቀምጦበት ነው። እኔ ይሄን አውቃለሁ። እያወቅኩ ግን ክሪክ ላይ ገጠምኩት፤ የሚቀመጥልኝ ሰው ስለሌለ ሳላስበው አለፍኩት። እናትሽ ኖራ ቢሆን ገና ቡሎን ስፈታ ሹራቧን ይዛ ገብታ ትቀመጥ ነበር።

«ጨረስክ?» ትለኛለች።

«ገና ነው። አትንቀሳቀሺ።»

«ሰው እኮ ነኝ፣ ሚዛን መሰልኩህ?»

«ከሚዛን ትበልጫለሽ።»

«በክብደት ነው በክብር?»

«እሱን በሩ ሲገጥም እነግርሻለሁ።»

እንዲህ ስንባባል አንድ የሹራብ እጅጌ ያልቅ ነበር። ትምህርት ቤት የለበስሽው አረንጓዴው ሹራብ የተሠራው እዚያ ወንበር ላይ ነው።

አሁን እሷ የለችም፤ በሩ ግን መገጠም አለበት። ታዲያ ምን ላድርግ? በየጎረቤቱ እየዞርኩ «የባለቤቴን ያህል የሚከብድ ሰው አበድሩኝ» ልበል? አሸዋ አመጣሁ። ጆንያውን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ በአካፋ ሞላሁት። ኪሎዋን አላውቀውም። እናትሽ ሚዛን ላይ ወጥታ አታውቅም፣ ማን ደፍሮ ውጪ ሊላት! ግን እሷ ስትቀመጥ ፓራፋንጎው ጎማው ላይ እስከ የት እንደሚወርድ ዓይኔ ያውቀዋል። ጨመር አደርጋለሁ፣ ወደ ኋላ ብዬ አያለሁ። ጨመር አደርጋለሁ፣ አያለሁ። በመጨረሻ መኪናዋ ጎንበስ አለች። ልክ ድሮ እንደምትጎነበሰው። እኔም የራሴን ክብደት ልጨምርበት ገብቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ። አንቺ የገባሽው ያኔ ነው።

ሻርፑን የጣልኩት አሸዋው አዲሱን የወንበር ልብስ እንዳያቆሽሸው ነው፤ በሩ ጀርባ ከተሰቀለው ሁሉ መጀመሪያ እጄ የገባው እሱ ነው። ቀበቶውን ያሰርኩት ጆንያው እንዳይንከባለል ነው። የማወራው ደግሞ ለበሩ ነው። ለብረት የማያወራ ባትላሜራ ካየሽ አሳዪኝ። እናትሽም «ከኔ ይልቅ ለቆርቆሮው ታወራለህ» እያለች ስትከሰኝ ነው የኖረችው። ዓይኔ ቀላ ላልሽው፣ አሸዋ አቧራ አለው። ብታምኚም ባታምኚም።

አሁን የምጽፈውን ሁለት ጊዜ አንብቢው። ወንበሩ የእናትሽ ነው። አሸዋው አሸዋ ነው። ሁለቱን ለይቼ አውቃለሁ። እጇ እጄ ውስጥ ሲቀዘቅዝ አንቺ መንገድ ላይ ነበርሽ፤ እኔ ግን እዚያው ነበርኩ። ለወቀሳ አይደለም የምልሽ። መሞቷን ማንም እንዲያስረዳኝ አልፈልግም ልልሽ ነው። ያበደ ሰው የሞተውን አልሞተም ይላል። እኔ የምለው ሞታለች ነው። በሯ ግን ልክ ይዘጋል።

ደግሞም ተዘጋ። በማግስቱ ቀለም ቀቢው ከውጭ በሩን ቀና አድርጎ ይዞልኝ፣ እኔ ቡሎኑን አጠበቅኩ። «አሁን ልቀቀው» አልኩት። ለቀቀው። በሩ በራሱ ሄዶ ግጥም አለ። ሰውዬው የሚቀልደው ነገር ሲያጣ ያየሁት በዚያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ጆንያውን አወረድኩ፣ ያ ገዢያችሁም መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። መኪና ይወዳል፤ እጁን ኋላው አጣምሮ በትህትና ነው የዞራት። በቀኝ በኩል ሲደርስ ጎንበስ አለ።

«አባባ፣ ሁሉም ቆንጆ ነው። ይሄ በር ብቻ ከላይ ጠበብ አላለም?»

«ባዶ ስለሆነች ነው። ሰው ሲቀመጥባት ይስተካከላል።»

«እኔ ጋ እንኳ ሰው አይቀመጥባትም። መኪኖቼን የምደረድርበት አዳራሽ አለኝ። ሰው ከገመድ ወዲያ ሆኖ ያያታል። ስለዚህ ባዶዋን እንድታምር ያስተካክሉልኝ፣ ከዚያ እወስዳታለሁ።»

«ማንም አይቀመጥባትም?»

«ማንም።»

«ሞተሯስ?»

«እሱም አይነሳም፣ አባባ። ለዕይታ ናት።»

ልጄ፣ ማጠፊያውን አላልቶ በሩን ለባዶ ወንበር ማስተካከል ለኔ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። አቅቶኝ አይደለም። ማንም ለማይገባበት መኪና በር አልገጥምም። ሰው የሚሰናከልበት ነገር እንደሌለ ቤት ተጠርጎ፣ በገመድ ታጥሮ፣ «አትንኩት፣ አርጅቷል» ተብሎ መቀመጥ ለሷም አልመኝም፣ ለኔም አልመኝም። ለሰውዬው ሻይ አጠጣሁትና ሸኘሁት። ሲወጣ «ልጅዎ ግን ተስማምታ ነበር» አለኝ።

«ልጄ መኪና የላትም» አልኩት። «ያላት አባት ነው።»

የምትፈሪውን አውቃለሁ። አንድ ቀን ወድቄ የሚያነሳኝ አጥቼ እንዳላድር ነው። ፍርሃትሽን ውሸት አልልም፤ እኔም ጉልበቴ የሚለኝን እሰማለሁ። ስለዚህ ከቀለም ቀቢው ጋር ተስማምተናል። ጠዋት ጠዋት ያንኳኳል፣ ካልከፈትኩለት ሰብሮ ይገባል። እንዲያውም ለመስበሩ የቸኮለ ይመስለኛል፤ ትናንት ካልሲ እስካደርግ እንኳ አልታገሠኝም፣ ከውጭ «ሞትክ ወይስ ተኛህ? ለይልኝና ሥራዬን ልያዝ!» እያለ ሰፈሩን ቀሰቀሰው። ከዚህ በላይ ጠባቂ አልፈልግም። መውደቄ የማይቀር ከሆነም ዕድሜዬን ሙሉ የቆምኩበት ወለል ላይ ልውደቅ እንጂ በእናንተ ምንጣፍ ላይ አይደለም።

ሰኞ ጭነት መኪናው እንዳይመጣ ለባለቤትሽ ንገሪው። ከላከው፣ ሾፌሩን ሻይ አጠጥቼ ባዶውን እመልሰዋለሁ። አማቼን እወደዋለሁ፣ ለአንቺ ጥሩ ባል ነው፤ ግን ኑሮዬን የሚያስጭነኝ እሱ አይደለም።

እሑድ እኔ ራሴ እመጣለሁ። በመኪናዋ። ምሳ አብልተሽኝ፣ ልጆቹን በየተራ ሰፈሩን አዞራቸዋለሁ። ከዚያ አንቺ ከጎኔ ትቀመጪያለሽ። በመልክም በአካልም እናትሽን ነው የወጣሽው፤ አትቆጪ፣ ማመስገኔ ነው። በሩን ራስሽ ትዘጊዋለሽ። ወደ ዋናው መንገድ እንወጣለን፣ እኔ እነዳለሁ፣ አንቺ የፈለግሽውን ትጠይቂኛለሽ። ከዚያም በኋላ አባቴ አልቆለታል ካልሽ፣ እዚያው ፊት ለፊቴ በይኝ፤ አጥር ጥግ ቆመሽ አይደለም። እኔም የምመልስልሽን አላጣም።

የግቢውን በር በሰፊው ክፈቱልኝ፤ መሪዋ ይከብዳል፣ ክንዴም የድሮው አይደለም። አልጋ ግን እንዳታነጥፊ። ሳይመሽ ወደ ቤቴ እነዳለሁ።

ያላበደው አባትሽ