ከላይሽ የበቀለው ስንዴ

ውድ እማዬ፣

እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ብዕሬ እዚያው ቆመ። ለሞተ ሰው ሰላምታ እንዴት እንደሚጻፍ ያስተማረኝ የለም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ፤ አገኘሁሽ።

መንደሩ ተነስቶ መሬቱ ወደ ሰፊው እርሻ ከተቀላቀለ ወዲህ መቃብርሽ የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ ነበር። ድንጋዩን ትራክተር ገፍቶታል፤ ዛፉን ቆርጠውታል። ወንድሜ "አፈር አፈር ነው፣ በቃ ተይው" ይለኛል። እኔ ግን መተው አልሆነልኝም። እናቴ የት እንደተኛች ሳላውቅ እንዴት ብዬ እረፍት ላግኝ?

ሥራዬን ሳትወጂው ነው የሄድሽው። "የሰው እህል ስትመዝኚ የራስሽ ድስት አረረ" እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። አሁንም እዚያው ቢሮ ነኝ፤ ድስቱም አሁንም ያርራል። ኮሪደራችን ላይ ከበሩ እስከ ደረጃው ድረስ የአገሩ የእህል ምርት ዓመት በዓመት በመስመር ተስሏል፣ እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ። ስንዴው በቀይ፣ በቆሎው በአረንጓዴ፣ ገብስና ማሽላ ከታች ተጋድመው። መጀመሪያው አካባቢ ሁሉም መስመሮች ጉድጓድ የሚገቡበት ቦታ አለ። እኔን ያረገዝሽበት የረሃብ ዓመት ነው። እንግዳ ሲመጣ አለቃችን እዚያ ጋ ፈጠን ብሎ ያልፍና ሽቅብ የሚወጣውን ቀይ መስመር ያሳያል፤ "አንዴ ተነስቶ አልተመለሰም" ይላል። ውሸቱን አይደለም። ግማሹ ዕድገት በተሻለ ዘርና በማዳበሪያ መጣ፤ ግማሹ ደግሞ የሚታረሰው መሬት ስለሰፋ ነው። መሬቱ በምን እንደሰፋ ግን ማንም አይጠይቅም። በእኛ ቤት ነው የሰፋው፣ እማዬ። በጓዳሽ።

አሠራራችንን አንድም ቀን አስረድቼሽ አላውቅም። አገሩን ሁሉ መመዘን ስለማይቻል ከየማሳው ትንሽ ካሬ ቦታ እናጭዳለን፤ ወቅተን፣ አድርቀን እንመዝናለን። ቦታውን እኛ አንመርጥም፤ ሰው ከመረጠ እጁ ሁልጊዜ ወዳማረው ስንዴ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ በዕጣ ማሳውንና ሁለት ቁጥር ያወጣል፤ አንዱ በማሳው ጠርዝ ስንት እርምጃ እንደምሄድ፣ ሌላው ስንት እርምጃ ወደ ውስጥ እንደምገባ። የቆምኩበት ላይ ችካል ተክዬ ገመድ እወጥራለሁ። ችካሉን ማሸሽ ክልክል ነው።

ካቻምና ዕጣው መንደራችን በነበረበት ማሳ ላይ ወደቀ። ስንዴው እስከ ደረቴ ይደርሳል። ነፋስ የለም፤ ወፍም ፌንጣም አይሰማም። እርምጃዬን ጨርሼ ስቆም ከፊቴ አጭርና የገረጣ ስንዴ አየሁ፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ በማዕዘን ይታጠፋል፣ መሐል ላይ ክፍተት ትቶ ይቀጥላል። ከታቹ የቤታችን የድንጋይ መሠረት ስላለ ሥሩ አልጠለቀለትም። ክፍተቱ በራችን ነበር። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜአለሁ። አጨድኩ፣ መዘንኩ፣ ተመለስኩ።

አምና ዕጣው ያንኑ ማሳ መረጠ። ካሬው ያረፈው ከበሩ ወዲያ፣ ሳሎናችን ውስጥ ነበር።

ዘንድሮ ዕጣውን ራሴ አልነካም ብዬ አጠገቤ የሚቀመጠውን ባልደረባዬን ለመንኩት። በምንም ስለማያምን "ጠርጣሬው" ነው የምንለው። አወጣው። ያው ማሳ።

"አጋጣሚ ነው፣ አታካብጂው" አለኝ።

"ሦስቴ?"

"አጋጣሚ ሲደጋገም አይተሽ አታውቂም?" ብሎ ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ግን ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ሲያበራው አየሁት።

ማሳው ጋ ስደርስ የኮምባይነሩ ሾፌር ጥላ ሥር ቁጭ ብሏል። አምና ከማሳው መሐል አንዲት ትንሽ ቦታ ሳያጭድ ትቶ አይቼ ነበርና ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

"እኔንጃ እህቴ። እዚያች ጋ ስደርስ እጄ ራሱ መቁረጫውን ያነሳዋል። ሰው የቆመ ይመስለኛል።"

"አይተህ ታውቃለህ?"

"አይቼማ ቢሆን ኖሮ እዚህ ታገኚኝ ነበር?"

ብቻዬን ገባሁ። በበራችን አልፌ፣ ሳሎኑን አቋርጬ፣ በጓዳው በኩል ወጣሁ። ካሬዬ ያረፈው ከቤቱ ጀርባ ነው። ሌላው ስንዴ ደርቆ ሳለ እዚያ ግን ረጅም፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ገና አረንጓዴነት ያለው ስንዴ ቆሟል፤ የበቀለበት ቦታ ርዝመቱ ያንቺን ቁመት ያህል፣ ስፋቱ የአንድ ሰው መኝታ። ተንበረከክኩ። እንዲህ ነው ያገኘሁሽ።

አንድ እርምጃ ብሸሽ የሚያየኝ አልነበረም። ግን ምርቱን አንድ ቀን እንኳ ዋሽቼ አላውቅም፤ ባንቺ ልጀምር? ይቅር በይኝ፣ ማጭዴን አወጣሁ። እያለቀስኩ አጨድኩሽ። ከገመዱ ውጭ ያለው ስንዴ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነው፤ ውስጥ የቀረው ብቻ፣ ያለ ምንም ነፋስ፣ ወደ እኔ አዘነበለ። እጄን ነካኝ። ሞቃት ነበር።

በሥራ ዘመኔ እንዲህ የከበደ ስንዴ መዝኜ አላውቅም። እንዳለ አስገባሁት። የአገሩ መስመር ዘንድሮ ዓይን በማያየው ያህል ከፍ ብሏል። ያቺ ከፍታ አንቺ ነሽ።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ልዘጋው ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ጠርጣሬው ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። የመጪውን ዓመት ዕጣ አውጥቷል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ሌላ ሰው እንላክ?" አለኝ።

ቦታውን አየሁት። ካንቺ ቀጥሎ ነው፣ በግራ በኩል፤ ልጅ ሆኜ ካንቺ ጋር የምተኛበት በኩል።

"እኔው እሄዳለሁ" አልኩት።

እመጣለሁ፣ እማዬ። ግን ልመዝን ነው የምመጣው፤ መዝኜ እመለሳለሁ። እባክሽ እንደ ድሮው "ነይ ትንሽ ጋደም በይ" አትበዪኝ። ደክሞኛል፣ እሺ እልሻለሁ።

የምትናፍቅሽና የምትፈራሽ
ልጅሽ