ስክሪን የሌላት ኮምፒውተሬ

ይድረስ ለምሳሳልህ አባቴ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጉልበትህ እንዴት ነው? በብርድ ይጠዘጥዘኛል ያልከው ተሻለህ ወይስ እንዳልጨነቅ ብለህ ነው ዝም ያልከኝ? እማዬስ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ አሁንም ትደብቃለች? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ወፍረሻል ይሉኛል፤ ጉንጬን ስዳስሰው እውነታቸውን ሳይሆን አይቀርም።

ያን ዕለት በስልክ፣ ላፕቶፔ ከደረጃ ላይ ወድቆ መሰበሩን፣ አለቃዬም እስከ ወሩ መጨረሻ መሥሪያ ካላገኘሽ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ ማለቱን ስነግርህ ድምፅህ ወዲያው ተለወጠ። በቃ መጥቼ እወስድሻለሁ፣ ዓይኗ የማያይ ልጄ በሰው አገር ስትንከራተት ዝም ብዬ አላይም አልከኝ። አባዬ፣ ምን እዋሽሃለሁ፣ ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። እውነትህን ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ የተቀዳ ስብሰባ እየሰማሁ በጽሑፍ እገለብጣለሁ። ዛሬ ወደ አንዱ መሥሪያ ቤት፣ ነገ ወደ ሌላው ይልኩኛል፤ ስለዚህ ይዤው የምዞር ኮምፒውተር የግድ ነው። የተሰበረውን ይዤ ሰፈራችን ያለ ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ለሁሉም ነገር አይሆንም ስለሚል ስሙን “አይሆንም” ብዬዋለሁ። ገና ሲከፍተው፣ ውስጡም ሞቷል፣ ስክሪኑም ዱቄት ሆኗል አለኝ። መዳፍ የምታክል የጠረጴዛ ኮምፒውተር ግን አለችኝ፣ ምን ያደርጋል፣ ስክሪን የላትም፤ ያለ ስክሪን ደግሞ አይሆንም አለ። ሳቄ አመለጠኝ! እኔ ኮምፒውተሩ ራሱ በድምፅ ነው የሚያነብልኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ስክሪን ተሸክሜ ትከሻዬ ሲገነጠል ከረመ እንጂ አንድ ቀን እንኳ አይቼው አላውቅም።

እዚያው ቆሜ ልገዛት ወሰንኩ። ቁልፎቹ ለጣት የሚመቹ ኪቦርድ መረጥኩ፣ ቀጭን ጣውላ ላይ አሳረፍኩት፤ ትንሿን ኮምፒውተርና ስልክ የምንሞላበትን ዓይነት ትልቅ ባትሪ ከኋላው በብሎን አሰርኩ። ብሎኖቹን ያጠበቅኩት እኔ ራሴ ነኝ፣ ማንም አልነካቸውም! “አይሆንም” ጣትሽን ትወጊዋለሽ እያለ ሲንቆራጠጥ ዋለ። ስክሪን ተውሰን ሁሉን ካሰናዳን በኋላ ቤቴ ወስጄ ብከፍታት ጭጭ። ክው አልኩ። በቃ ገደልኳት አልኩ። ለካስ ድምፁ በተዋስነው ስክሪን በኩል እንዲወጣ አድርገን ረስተነው ኖሯል፤ ምስኪን፣ ለሌለ ስክሪን ስትለፈልፍ ነበር! በማግስቱ አስተካከልናትና በጆሮ ማዳመጫዬ መናገር ስትጀምር ጠጋኙን ጥምጥም ብዬ አቀፍኩት። እሱ ደግሞ፣ ቆይ እስቲ፣ ይሄ ነገር ይሆናል ማለት ነው? ይለኛል።

ሰኞ ዕለት አለቃዬ ከባልደረቦቼ ጋር ወደምሠራበት ክፍል ገባ። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ኪቦርድ ብቻ አስቀምጬ ስጽፍ ቢያየኝ፣ ምን እየተጫወትሽ ነው ብሎ ቱግ አለ። የጠዋቱን ስብሰባ አትሜ ሰጠሁት። ወረቀቱን ሲያገላብጥ ይሰማኛል። ከዚያ ለስለስ ብሎ ስክሪኑ የት እንዳለ ጠየቀኝ። እኔ ምን ያደርግልኛል፣ ለእርስዎ ካስፈለገ ይግዙ አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፣ እሱም ሳቀ። ሊወጣ ሲል ቦታሽ ያንቺው ነው አለኝ። አባዬ፣ ኮራሁ! ደረቴን ነፍቼ ነው ቤቴ የገባሁት። ይህንንም ደብዳቤ የጻፍኩት በእሷው ነው፤ ግድፈት ካገኘህበት ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሷን እንዳትነካብኝ።

እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ። ታላቅ እህቴን፣ ልጆቿ እንዳያደክሟት አደራ በላት። ጩኸታም ወንድሜን፣ ያለ እሱ ጩኸት እንቅልፍ አጥቻለሁ በለው።

ላንተ ሰላምታ አልልክም። ትኬቱን ቆርጠህ ከሆነ አትመልሰው፣ ና። ልትወስደኝ ሳይሆን ልትጠይቀኝ ና። ጣቢያው ድረስ መጥቼ እቀበልሃለሁ። የዚህ ከተማ መንገድ ጠማማ ነው፣ ለእንግዳ ግራ ያጋባል፤ አንተ ክንዴን ብቻ ያዝ፣ እኔ እመራሃለሁ።

ልጅህ
ከኪራይ ቤቴ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ጥቅምት 19 ቀን