እልል ያልሁበት ፊልም

አስማማው፣ የቤቴ ጌታ፣ እንደምን ከርመሃል? ከሄድህ አሥር ወር ሞላህ። የቀበርንህ በሰሊጥ አጨዳ ነበር፤ ዛሬ ጳጉሜን ገብቷል። ጳጉሜን ሲገባ እኔና አንተ ምን ስናደርግ እንደምንውል መቼም አትረሳውም። ቪዲዮ ቤታችንን ዘግተን፣ በዓመቱ ካሳየናቸው ፊልሞች አምስት መርጠን፣ የትኛው አንደኛ የትኛው አምስተኛ እያልን ስንጨቃጨቅ ይመሻል። ዘንድሮ የምጨቃጨቀው ሰው አጣሁ። እናም ብቻየን ደረደርኋቸው። ካልተስማማህ እዚያው ሆነህ ተናደድ።

ቤቱ አለ። የሰኔው ነፋስ ሁለት ቆርቆሮ ገንጥሎ ወስዶ ነበር፤ ታናሽ ወንድምህ ደሴ መልሶ መታልኝ። ጀነሬተሩ እንደ ልማዱ ሲፈልግ ይነሣል፣ ሲያኮርፍ ይተኛል። የቀን ሠራተኞቹ ደግሞ ካሁኑ መምጣት ጀምረዋል። የአምናዎቹ ጎጃሞች ገና ከበር «ጋሼስ?» ይሉኛል።

ወደ ፊልሞቻችን። አምስተኛ የቻይናው ነው፣ ያ በሰንሰለት የሚፈጀው። አርባ ሰው ገደለ ብየ ስምልልህ፣ አንተ ግማሾቹ ተነሥተው እንደገና ሲሞቱ አይቻለሁ ብለህ ሳቅህብኝ። ደግሜ አየሁት፤ እውነትህን ነው፣ ያ ቀይ ሻርፕ የጠመጠመው ሰውየ ሦስት ጊዜ ሞቷል።

አራተኛ ያቺ ህንዳዊቷ ሙሽራ ናት፣ የባሏን ገዳዮች በማጭድ የጨረሰቻቸው። አምና ቢሆን ከአንደኝነት የሚያወርዳት አልነበረም። ደም በበዛ ቁጥር ደስ የሚለኝ እኔ፣ እንባ ካልመጣብህ ፊልም አየሁ የማትለው አንተ፤ ሰው ሁሉ የሚስቅብን በዚህ አልነበር? አሁን ግን ባል የሞተባት ሴት እንዲያ እንደማትሮጥ አውቃለሁ። ባል የሞተባት ሴት ጫማዋን ማሰር ያቅታታል። ውሸታሞች!

ሦስተኛ ያንተዋ ናት፣ ሽማግሌው አባት ባቡር ጣቢያ ተቀምጦ ልጁን የሚጠብቅባት። አንድ ሰው እንኳ የማይሞትባት ፊልም ምን ፊልም ናት ብየ ስንት ጊዜ አሾፍሁብህ! አንተ ግን በአንገት ፎጣህ ዓይንህን እየጠረግህ አቧራ ገባብኝ ትላለህ። ሁለተኛ ያ የአማርኛው ቀልድ ይሁን፤ በእርሱ ላይ ተጣልተን አናውቅም።

አንደኛው ባለ ነጭ ፈረሱ ነው። አንተ ሳትጨርሰው የቀረኸው።

ያች እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር፤ ጎጃሙም ወሎየውም ትከሻ ለትከሻ ተጣብቋል። አንተ በር ላይ ነበርህ። መሣሪያ ይዞ ወደ ቤታችን አይገባም፤ የያዘ ሁሉ ፊት ለፊት ሀጅ ኢድሪስ ሱቅ አስቀምጦ ይመጣል። ያ የእርሻ ዘበኛ ግን መሣሪያህን አስቀምጥ ብትለው በሰው ፊት አዋረድኸኝ ብሎ ከአንተ ጋር ሲካረር፣ እኔ ከፊት ወንበር ሆኜ ፈረሰኛውን አያለሁ። ፈረሰኛው የአባቱን ገዳይ አገኘው። መሣሪያውን አነሣ። ጓ! ሲል ሰማሁ። ድምፁ ዛሬ እንዴት ጠራ ብየ እልል አልሁ። ቤቱም ከእኔ ጋር አጨበጨበ። አንተን በጣለ ጥይት እልል አልሁ፣ አስማማው! ሁለተኛው ጥይት ጣራውን በስቶ የፀሐይ ጨረር ቴሌቪዥኑ ላይ ሲያርፍ ነው የነቃነው።

የበሩ ደፍ ላይ ወድቀህ አገኘሁህ። ራስህን ጭኔ ላይ አደረግሁት። ደምህ ቀሚሴን አልፎ ገላየን አቃጠለኝ። ሰው ሁሉ ገዳዩን ሊይዝ ሲሮጥ፣ የመጨረሻ ቃልህን የሰማሁ እኔ ብቻ ነኝ። ገዳዩም የመተማን ድልድይ ተሻግሮ ሱዳን ገባ።

በለቅሶህ ላይ አበድሁ። ደሴን በሰው መካከል ቀሚሴን ላውስህ አልሁት። ወንድሙ የሞተበት ወንድ ይህን ሰምቶ እንዴት ይቀመጣል? የወንድሜን ደም ሳልመልስ ጠጉሬን አልላጭም ብሎ ማለ፤ መሣሪያውን ይወለውል ጀመር። ገዳዩ አምስት ወንድሞች አሉት። ደሴ እርሱን ቢገድል አምስቱ ደሴን እንደሚገድሉት እኔም አውቃለሁ፣ እርሱም ያውቃል። ሚስቱን ገና ማግባቱ ነበር። እኔ በአፌ ነው የላክሁት፤ አፌን ውሻ ይብላው!

በመጋቢት ሽማግሌዎች መጡ፣ ቄሱም ሀጅ ኢድሪስም አብረው። የገዳዩ ቤተ ሰቦች እርቅ ለምነው ኖሯል። ደሴ አይሆንም አለ። በመጨረሻ ቄሱ ወደ እኔ ዞረው፣ ሟች የተናገረው ቃል አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የሟች ቃል እንደማይጣስ አንተም ታውቃለህ። አንድ ቀን ስጡኝ አልኋቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ቤቱን ከፍቼ ያን ፊልም ካቆምንበት አስቀጠልሁት። ፈረሰኛው የአባቱን ገዳይ ከነጓደኞቹ፣ ዘጠኙንም ፈጀ፤ ነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ እየሳቀ ሄደ፤ ዘፈን መጣ፤ አለቀ። ቁጭ ብየ ጠበቅሁ። የዘጠኙ ወንድሞች የት አሉ? ልጆቻቸውስ? አንድም የሚከተለው የለም! መተማ ላይ እንዲህ ያለ ፈረሰኛ አንድ ሌሊት አያድርም። በዚህ ውሸት ነው ዕድሜ ልኬን እልል ስል የኖርሁት። አንደኛ ያደረግሁት ወድጄው አይደለም፤ ከዓመቱ ፊልም ከዓይኔ አልወጣ ያለኝ እርሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄጄ መስቀሉን ጨበጥሁ። «ይቅር ብየዋለሁ፣ ደሴም ይቅር ይበለው» ብሎ ነው የሞተው አልኋቸው። ደሴ ጋቢውን ተከናንቦ አለቀሰ። ሀጅ ኢድሪስም ዱዓ አደረጉልህ። ደሙ ደረቀ፣ እርቁ ሆነ።

አንተ ግን እንዲያ አላልህም። በፊልም የሚያለቅሰው ሰው፣ የኔ ለስላሳ፣ ደም እየተፋህ አንገቴን ጎትተህ «ለደሴ ንገሪው፤ እንዳይለቀው» ነው ያልኸኝ። አልነገርሁትም። በሐሰት ማልሁ። ነፍሴን የሚጠይቀኝ ፈጣሪ ይጠይቀኝ። አንተም ስንገናኝ የፈለግኸውን ያህል ጩህብኝ፤ አልመልስልህም። ብትናደድ እውነትህን ነው፣ የተገደልኸው አንተ ነህ። እኔ ግን ሁለተኛ ሬሳ ታቅፌ መቀመጥ አልቻልሁም።

ይህን ወረቀት ለማንም አላሳየውም፤ ዛሬውኑ አቃጥለዋለሁ። ደሴ ሰሊጡን ሲያርም ውሎ አሁን ገባ፣ እጁን እየታጠበ ነው። ሚስቱ ወሯ ገብቷል። ትረሳኛለች ብለህ አትስጋ፤ ሳቅህንም፣ እንባህንም፣ አንገቴን የጎተተውን እጅህንም አልረሳም። ደሴ ሸምግሎ አልጋው ላይ እስኪሞት ድረስ፣ ያንን ቃልህን እኔ ብቻ አስታውሰዋለሁ።