ጉልበቱ የወረደ ሱሪ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ጊዮርጊስ ጋ፣ ዝናብ ያራሰው አስፋልት ላይ ሞተሬ ተንሸራቶ በጉልበቴ ወደቅኩ። ጉልበቴ ግን ምንም አልሆነም። ተመስገን!

ባለፈው ቅዳሜ እኮ ዛሬ ያዳነኝን ይህንኑ የሞተር ሱሪ ላበላሸው ነበር። ፒያሳን ዞሬ፣ ከስንቱ መርጬ የገዛሁት ጉልበቱ ላይ ጠንካራ መከላከያ ስላለው ነው። ቤት ስለካው ግን መከላከያው ቅልጥሜ ላይ ወርዶ ተንጠለጠለ። እማዬ "ምነው፣ ጉልበትሽ ወረደ እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። ተናድጄ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ ወዳሉት ልብስ ሰፊ፣ ጋሽ ሰዒድ ዘንድ ሄድኩ። ሱሪውን እንደለበስኩ ፊታቸው ቆሜ "መከላከያውን ከፍ አድርገው ይስፉልኝ" አልኳቸው።

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። "አንቺ ሞተር የምትነጂው ቆመሽ ነው?"

ወንበር አዙረው ሞተር ላይ እንዳለሁ አድርገው አስቀመጡኝ። ስቀመጥ ሱሪው ወደ ላይ ተሳበና መከላከያው ልክ ጉልበቴ ላይ ገጠመ። አፈርኩ። አንዲት ክር ሳይነኩ ሸኙኝ።

ዛሬ ቤት ስገባ እማዬ የተፋቀውን ሱሪ አይታ አልሳቀችም። ጉልበቱን በጣቷ ዳበሰች።

"ለካ ቦታው ላይ ነው" አለች።