አፈር አልለምንም ያሉት የኢንጂነር ስታመን ቬልቼቭ የሕይወት ታሪክ

ኢንጂነር ስታመን ቬልቼቭ ከአባታቸው ከጀልባ ቀዛፊው ከአቶ ቬልቾ፣ ከእናታቸውም ከወይዘሮ ኔዳ፣ በዳኑብ ወንዝ ዳር በዶልና ክሩሻ መንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ተወለዱ። ፊደል በዚያው ቆጥረው፣ በሶፊያ በምሕንድስና ተመረቁና ከመንደራቸው በላይ ባለው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ተቀጠሩ። በ1978 ከመምህርት ኔቭያና ጋር፣ የኮሚኒስቶቹ ዘመን ባይፈቅድም፣ በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ቦያንንና ራሊትሳን ወለዱ።

ማመንጫው ሲዘጋ አሮጌውን ሕንፃ አጽድቶ የማፍረሱን ውል የመሩት እሳቸው ነበሩ። ሥራው ከጅምሩ አልቀናም፤ ተቋራጮች ጥለው ወጡ፣ ጊዜውም ገፋ። በእኛ ዘንድ ለወቅት የተቀጠረ ሰው ሥራውን አስረክቦ የሚሰናበተው በጥቅምት መጨረሻ፣ በቅዱስ ዲሚታር ቀን ነው። ኢንጂነር ስታመንም በ2012 “ለዲሚታር ግድግዳው ይወርዳል” ብለው በመንደሩ ፊት ቃል ሰጡ። ጨረር የምትለካው ኢንጂነር ሊልያና፣ “አለቃ፣ ከግድግዳው ጀርባ ያለው ቦይ ጨረሩ ገና አልተለካም። ዲሚታር እንደሆነ ለከርሞም ይመጣል” አለቻቸው። “ቃል ሰጥቻለሁ፣ ልጄ። ምን ብዬ ፊታቸው እቆማለሁ?” ብለው አስፈረሱት።

ከቦዩ የወጣው ጨረር ያዘለ አቧራ የወረደው በዚያው መንደር ጓሮ ላይ ነበር። ለክረምት በበርሜል በጨው የሚቀመጠው ጥቅል ጎመን ተነቀለ፤ የላይኛው አፈርም ተገፎ፣ ሁሉም በብረት በርሜል ታሽጎ ተወሰደ። ባባ ጌና የተባሉት አሮጊት ጎረቤታቸው አጥራቸውን ተደግፈው፣ “ስታመን፣ ዘንድሮ ጎመናችንን አንተው በርሜል ከተትክልን። ጨው ግን ረሳህ” አሏቸው። የሳቀ አልነበረም።

ጥፋቱን በሠራተኛ አላሳበቡም፤ ፍርድ ቤት ቆመው “ያዘዝኩት እኔ ነኝ” አሉ። ከዚያ ወዲህ መንደሩ አልገቡም። በ2017 ባለቤታቸው እዚያ ሲቀበሩ እንኳ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከመካነ መቃብሩ አጥር ውጪ ቆሙ። ግቡ ያላቸው የለም።

በልብ ሕመም አልጋ ሲይዙ፣ ልጃቸው ቦያን ከእናቱ ጎን ቦታ ይጠየቅ ቢላቸው፣ “ተው። አፈራቸውን ገፍፌ ወስጃለሁ፤ ደግሜ አፈር አልለምንም” አሉ። ጥር 19 ቀን 2024 አረፉ። እንደ ቃላቸውም ዛሬ በከተማው እንቀብራቸዋለን።

የሁለት ልጆች አባት፣ የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ባባ ጌና ከጓሯቸው አፈር በመሐረብ ቋጥረው ትናንት በአውቶቡስ መጥተዋል። “አፈር እንዲለምን ማን ጠየቀው?” ነው ያሉት። በሣጥናቸው ላይ መጀመሪያ የሚያርፈው ይኸው አፈር ነው።

በእሳቸው የተበደላችሁ ሁሉ ይቅር በሏቸው፤ እግዚአብሔርም ይቅር ብሎ ነፍሳቸውን ያሳርፍ።