በጉርሻ የገባ ጎመን

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ልጅ ለኢስታር፣ ትምህርቷን ሳትጨርስ ሐኪም ለሆነችብኝ፤

እንዴት ነሽ? የኦዴሳ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እዚህ ሙቀቱ ተርፎናል፤ በፖስታ የሚላክ ቢሆን አልሰስትብሽም ነበር።

ደብዳቤሽን ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አትክልትና ሻይ የአንጀት ነቀርሳን «ለመከላከል ሊረዱ ይችላሉ» ብለሻል። እናንተ ሐኪሞች «ይችላል» ማለት ስትወዱ!

ቢሆንም ታዝዣለሁ። ከሻዬም ስኳር ቀንሻለሁ። ዶሚኖ አብሮኝ የሚጫወተው ዳሂር፣ «ምነው ሰማታር፣ የቀበሌ ስኳር ራሽንህን የምታጠራቅመው ሚስት ልታገባ ነው?» አለኝ።

ጭንቁ አባትሽ ነው። ፋራህ የግመል ሥጋ ካላየ ምሳ በላሁ አይልም። እናትሽ ካልቱን ጎመን ስታቀርብ፣ «አቦ፣ ይሄን ለፍየሏ ስጪያት» ይላታል። እኔም መላ አገኘሁ። ጎመኑን ጠቅልዬ አፉ ላይ እደቅናለሁ። የአባት ጉርሻ እንዴት ይመልሳል? ዓይኑን ጨፍኖ ይውጣል።

«አባ፣ ጢም አውጥቼ እንደ ሕፃን ታጎርሰኛለህ?»

«ጢምህን ማን ጠየቀህ፤ አፍህን ክፈት።»

ካልቱን ሳቋን በሻሿ ትሸፍናለች።

ሰገራዬ ላይ ስላየሁት ደም ጽፌልሽ ሆስፒታል ሂድ ብለሽኝ አልነበር? ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ እንዳንቺው «ይችላል» ያበዛል። የእኔን ሲነግረኝ ግን «ይችላል» አላለም። አዲስ አበባ ስሄድ ሆዴን ይከፍቱታል። ልጅህም ይመርመር ብሎኛል። አትክልቱ ነቀርሳ የያዘውን ሰው እንደማያድን አንቺው ጽፈሻል፤ ስለዚህ የእኔን ድርሻ ለአባትሽ አዛውሬያለሁ። ለእሱ ግን አልነገርኩትም፤ ጎመኑ የባሰ እንዳይመረው ብዬ። ተመርመር ብለሽ አንቺ ጻፊለት። እኔን ይከራከረኛል፣ አንቺን ይፈራል።

ትናንት ምሳ ላይ ደግሞ ፋራህ ቀደመኝ። ጎመን ጠቅልሎ ወደ አፌ ዘረጋ። ጉርሻዋ ትንሽ ነበረች፣ ለታመመ ሰው የምትጠቀለል ዓይነት። ዓይኔን አላየኝም። እኔም አፌን ከፈትኩለት።

አላህ እጅሽን የፈውስ እጅ ያድርገው፤ በሰላም ለአገርሽ ያብቃሽ። ስትመጪ በትሪው በእኔ በኩል ተቀመጪ። አባትሽ ስታጎርሺው መጀመሪያ ይግደረደራል፤ እጅሽን እንዳትመልሺ።

አያትሽ ሰማታር