የቱን ሰንጢ ልውሰድ ላልሽኝ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ ሰማዩ ደምኗል፣ ከባሕሩ በኩልም እርጥብ ነፋስ ይነፍሳል።

እህት ዓለም፣
ከሆስፒታሉ የሌሊት ተራሽ ስትመለሺ አታገኚኝም። ዳቦው በጨርቅ ተጠቅልሏል። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባልና አጥብቀሽ ዝጊው።

እሑድ ከባልደረቦችሽ ጋር ወደ ባሕር ዳርቻ ልትሄጂ ስትነሺ፣ ያንቺን የማይዝግ ሰንጢና ከአባቴ የቀረልኝን ሰንጢ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠሽ «የቱን ልውሰድ? ለሐብሐብ መቁረጫ ነው» አልሽኝ።
«ደስ ያለሽን» አልኩሽ።
«የአባትሽ ይሻላል፤ ፎቶ ላይም ያምራል» ብለሽ ሳቅሽ።

አባቴ በዚያ ሰንጢ አርባ ዓመት ሙሉ የጫማ ቆዳ ቆርጦበታል፤ ውሃ እንኳ አያስነካውም ነበር። አንቺ ስትመለሺ እጀታውን ወልውለሽ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥሽው፤ የባሕር ውሃ የነካውን ስለቱን ግን ሳታደርቂ አጥፈሽዋል። ከላይ ያበራል፣ ውስጡን ለቄስ። ትናንት ልከፍተው ስል ዝጎ እንቢ አለኝ።
አንቺም ምንም አላልሽኝም።

የባሕር ጨው ብረት እንደሚበላ አውቅ ነበር። ያልነገርኩሽ «ነይ አብረን እንሂድ» ስላላልሽኝ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ በእኔ ዝምታ ግን ጨው ገባ።

ዛሬ ወደ ባሕር ዳርቻ የምሄደው እኔ ነኝ፣ ብቻዬን። የያዝኩት ያንቺን ሰንጢ ነው። አጥቤ፣ አድርቄ እመልስልሻለሁ።

የአባቴን ሰንጢ ዘይት ውስጥ ነክሬ የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ትቼዋለሁ። በጉልበት አትሞክሪው።

እስካሁን አልተከፈተም።